ከሥልጠናው በኋላ ጨዋታ እንዲኖር፦ ከደቡብ ወሎ የተወሰደ የእጅ ኳስ የጉዳይ ጥናት

ለምን ተጻፈ

ስለ እጅ ኳስ ሲወራ ወሬው ብዙ ጊዜ ሊጉ ላይ ይጀምርና ብሔራዊ ቡድኑ ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲህ ባለው ሰፊ አገር ኳሱ ለልጆች እንዴት እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚያስተምር፣ ማን እንደሚዳኝ ብዙም አይጻፍም። ይህ ጉዳይ በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ ብዙ በማትርቅ አንዲት ከተማ የሆነ ነው። የሰዎቹን፣ የትምህርት ቤቶቹንና የከተማዋን ስም አልጠቅስም። ሥራውን ከጀመሩት መምህራን ጎን ሆኜ በቅርብ ተከታትዬዋለሁ።

በመርሳም ሆነ በኩታበር፣ በመካነ ሰላምም ሆነ በከሚሴ ለሚሠራ የስፖርት ባለሙያ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ከሆናችሁ ደግሞ በተለይ ለእናንተ ነው።

ዳራ

እጅ ኳስ የሚመራበት መዋቅር ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1946 ኮፐንሀገን ላይ ተመሠረተ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ነው። የአፍሪካው ኮንፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1973 ተቋቁሞ አቢጃን ተቀመጠ። የኢትዮጵያ እጅ ኳስ ፌዴሬሽን የእነዚህ አባል ነው። ሕጉን ያስፈጽማል፣ አገር አቀፍ ውድድሮችን ይመራል፣ ዳኞችንና አሠልጣኞችን ያሠለጥናል፣ ብሔራዊ ቡድን ያዘጋጃል። የበላይ ሥልጣን ያለው ጠቅላላ ጉባዔው ሲሆን የዕለት ሥራውን ሥራ አስፈጻሚውና ጽሕፈት ቤቱ ይሠሩታል። ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች በፌዴሬሽኖቻቸው በኩል በጉባዔው ድምፅ አላቸው።

እስከ ክልል ድረስ ነገሩ ግልጽ ነው። ከዚያ በታች ይደበዝዛል። ዞንና ወረዳ ላይ እጅ ኳስን ብቻ የያዘ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። አንድ ባለሙያ እግር ኳሱንም፣ አትሌቲክሱንም፣ ቮሊቦሉንም ደርቦ ይይዛል። ከላይ የመጣው የእጅ ኳስ ዕቅድ እሱ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ከሌላው ሁሉ ጋር ወረፋ ይይዛል። እግር ኳስ ያለበት ወረፋ ላይ ደግሞ ማን እንደሚቀድም ሁላችንም እናውቃለን። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የስፖርት ፖሊሲ ስፖርት ሕዝቡ በሚኖርበት፣ በሚማርበትና በሚሠራበት ቦታ ይድረስ ይላል። ይህ ከተፈጸመ የሚፈጸመው በዚህ ሰው እጅ ነው።

የቦታው ጠባይም ራሱን የቻለ ነገር ነው። የእጅ ኳስ ሜዳ 40 በ20 ሜትር ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር ባለው ተዳፋት ይህን ያህል ለጥ ያለ መሬት በቀላሉ አይገኝም። ትምህርት ቤቶች ካላቸው ሲሚንቶ የፈሰሰበት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው፤ እሱም 28 በ15 ነው። በዚያ ላይ በ2014ቱ ጦርነት በአካባቢው ብዙ ትምህርት ቤቶች ዕቃቸውን አጥተዋል። የእኛዎቹም የስፖርት መጋዘናቸው ባዶ ሆኖ ነበር የቆያቸው።

ችግሩ

በአንድ ዓመት ሰኔ ላይ ለአካባቢው የስፖርት መምህራን የእጅ ኳስ ሥልጠና ተሰጠ። ሥልጠናው መጥፎ አልነበረም። አሠልጣኙ የሚያውቀውን ሳይሰስት አስተማረ። መምህራኑ የምስክር ወረቀት ተቀበሉ፣ ለየትምህርት ቤቱ ኳስ ታደለ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሪፖርት ተጻፈ።

ከዚያ ክረምት ገባ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። መስከረም ላይ ሲከፈት ከሠለጠኑት መምህራን አንዳንዶቹ ዝውውር አግኝተው ሄደዋል። የተተካው መምህር ስለ ሥልጠናው የሚያውቀው ነገር የለም። ኳሱ በመጋዘን ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ያለው ንብረት ክፍል ነው።

ሥልጠና ለምን ሰኔ ላይ ይሰጣል? የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ነው። ያልተሠራበት ገንዘብ ይመለሳል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የቆየው ሥራ ሁሉ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ይሮጣል። ይህ የአንድ መሥሪያ ቤት ጥፋት አይደለም፤ በየዘርፉ የሚታይ ልማድ ነው። እጅ ኳስን ግን ክፉኛ ይጎዳዋል። ልጆች ስለ እግር ኳስ ከሜዳ ባይማሩ ከሰፈር ይማራሉ። እጅ ኳስን ሰፈር ውስጥ የሚያሳያቸው ሰው የለም።

ሁለተኛው ችግር ኳሱ ራሱ ነበር። የታደለው ቁጥር 3 ነው። ይህ ዙሪያው ከ58 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ425 እስከ 475 ግራም የሆነ፣ ከ16 ዓመት በላይ ላሉ ወንዶች የሚሆን ኳስ ነው። እዚህ የሚጫወቱት ግን በአብዛኛው የ14 እና የ15 ዓመት ልጆች ናቸው፤ ግማሾቹም ሴቶች። በአንድ እጃቸው ጨብጠው መወርወር አልቻሉም። ልጅ ደግሞ መጨበጥ ያልቻለውን ኳስ በሁለት እጁ ይገፋዋል፤ ያኔ እጅ ኳሱ ቀርቶ ሌላ ጨዋታ ይሆናል። ለእነሱ የሚሆነው ከ54 እስከ 56 ሴንቲ ሜትር ዙሪያና ከ325 እስከ 375 ግራም ክብደት ያለው ቁጥር 2 ነበር።

ሦስተኛው ችግር የቆየ ነው። የክልል ውድድር ሲደርስ ከቅርጫት ኳስና ከቮሊቦል ረጃጅም ልጆች ይለቀማሉ፣ ለጥቂት ቀን ይለማመዳሉ፣ ይሄዳሉ፣ ተሸንፈው ይመለሳሉ። ወረቀት ላይ ዞኑ በእጅ ኳስ ተሳትፏል። ከተማው ውስጥ ግን አንድም የእጅ ኳስ ጨዋታ ያየ ሰው አልነበረም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ነገሩን ያነሳሱት ሁለት መምህራን ናቸው። አንደኛዋ ሰኔ ላይ ሠልጥና ሳትዛወር የቀረች ናት። ሁለተኛው ኮሌጅ እያለ የተጫወተ ነው። መጀመሪያ ያሰቡት እንደተለመደው ቡድን ማቋቋም ነበር። ተነጋግረው ተዉት። አንድ ቡድን ከማን ጋር ይጫወታል? ስለዚህ ከቡድን በፊት የጨዋታ ቀን ይኑር አሉ። ለአራት ትምህርት ቤቶች፣ በወንድም በሴትም፣ በየሳምንቱ በአንድ ሜዳ። እኔ በበኩሌ የጉዳዩ ዋና መዞሪያ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀኑን መምረጥ እንኳ ቀላል አልሆነም። ዓርብ የጁምዓ ሰላት አለ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ልጆቹ ወላጆቻቸውን ያግዛሉ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ነው። የቀረው እሑድ ከሰዓት ሆነ። ለ16 ዓመት እና ከዚያ በላይ ጨዋታው ሁለት ጊዜ 30 ደቂቃ ነው፤ ከ12 እስከ 16 ዓመት ላሉት ሁለት ጊዜ 25። በአንድ ከሰዓት አራት ጨዋታ ለማድረግ ይህ ይረዝማል። ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ አደረጉት። ሁሉም ሁለት ሁለት ጊዜ ሲገናኙ ውድድሩ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ረመዳን ሲገባ ሰዓቱ እንደሚቀየር፣ ከየካቲት በኋላ የበልግ ዝናብ እንደሚያስቸግር ከወዲሁ ታሰበና ኅዳር ላይ ተጀመረ።

ሜዳው አፈር ነበር። ድንጋዩን ተማሪዎች ለቀሙት፣ መስመሩ በኖራ ተሰመረ። የ6 ሜትሩን መስመር፣ ማለትም ከግብ ጠባቂው በቀር ማንም የማይረግጠውን ክልል የሚያጥረውን፣ መሥራት ብዙዎችን የሚያስጨንቅ ስለሆነ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ከየግቡ ቋሚ ሥር ካስማ ተመትቶ 6 ሜትር ገመድ ይታሰራል። በገመዱ ጫፍ ሩብ ክብ ይሠራል፤ በአንደኛው ቋሚ በአንድ ወገን፣ በሌላኛው በሌላ ወገን። ሁለቱን ሩብ ክቦች ፊት ለፊት በ3 ሜትር ቀጥታ መስመር ማገናኘት ነው። በዚያው መንገድ 9 ሜትር ተለክቶ የተቆራረጠው መስመር ይሠራል፤ 7 ሜትር ላይ ደግሞ የቅጣት መስመሩ። ግቡ 3 ሜትር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመት ያለው ሲሆን ከባሕር ዛፍ ተሠራ። መሬት ውስጥ በደንብ እንዲቀበር መምህሯ አጥብቃ አስጠነቀቀች። ልጆች አግዳሚው ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ያልተቀበረ ግብ ከወደቀ ይገድላል። መረቡ ከሐይቅ የመጣ አሮጌ የዓሣ ማጥመጃ መረብ ነበር፣ እጥፍ ተደርጎ።

ቁጥር 2 ኳስ እስኪገኝ ድረስ በጨርቅ ኳስ ተለማመዱ። አሮጌ ካልሲ፣ ጨርቅና ክር፣ ልክ በሰፈር እንደምንሠራው። የጨርቅ ኳስ አይነጥርም። አፈር ሜዳ ላይ ደግሞ እውነተኛውም ቢሆን እንደ ልብ አይነጥርም። ስለዚህ ማንጠር ቀረና ልጆቹ ሕጉ በሚፈቅደው በሦስት እርምጃና በሦስት ሰከንድ ውስጥ ኳሱን ለጓደኛቸው ማቀበል ተማሩ። ይህ ችግር የወለደው መላ ከምንም ሥልጠና በላይ ጠቀማቸው። ለእጅ ኳስ አዲስ የሆነ ልጅ የመጀመሪያ ስሕተቱ ኳሱን ይዞ መሮጥ ነው፤ እነዚህ ገና ከጅምሩ ያ ልማድ አልያዛቸውም። በኋላ ከነጋዴዎች በተሰበሰበ መዋጮ ቁጥር 2 ኳሶች ከአዲስ አበባ ተገዙ።

ትልቁ ሥራ የዳኞቹ ነበር። በእጅ ኳስ እኩል ሥልጣን ያላቸው ሁለት ዳኞች አሉ። አንዱ ግቡ አጠገብ ሲቆም ሌላው ከኋላ ይከተላል፤ ኳሱ ወደ ማዶ ሲሄድ ቦታ ይለዋወጣሉ። ከእነሱ ሌላ ሰዓት ያዥና መዝጋቢ ያስፈልጋል። መምህራኑ እነዚህን ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች መረጡ፤ ከግማሽ የሚበልጡት ሴቶች ናቸው። ልምድ ያለው አንድ ዳኛ ከደሴ በበጎ ፈቃድ እየመጣ አሠለጠናቸው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭቅጭቅ በጭቅጭቅ ነበር። ሁሉም ክርክር በሦስት ነገር ላይ ይነሣል፤ እርምጃ፣ የ6 ሜትር ክልልና መነካካት። በተለይ አጥቂ ከመስመሩ ውጭ ተነሥቶ፣ አየር ላይ እያለ ወርውሮ፣ ክልሉ ውስጥ ሲወድቅ ተመልካቹ ጥፋት መስሎት «ገባ! ገባ!» ብሎ ይጮኻል። ሕጉ ግን ኳሱ እግሩ መሬት ሳይነካ ከእጁ እስከወጣ ድረስ ይፈቅዳል፤ የጨዋታው ውበትም እሱ ነው። መፍትሔው ከየጨዋታው በፊት ዳኞቹ መሐል ሜዳ ወጥተው ሦስቱን ነገሮች በተግባር ማሳየት ሆነ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እርምጃ የሚቆጥረው ተመልካቹ ነበር። «አራት ሄደ ዳኛ!» የሚሉ ሽማግሌ ሰምቻለሁ፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

የሴቶቹ ነገር ሌላ ጥንቃቄ ፈለገ። ብዙዎቹ ሙስሊም ናቸው፣ ወላጆችም ጠየቁ። መምህሯ የአንዷን እናት ቤታቸው ድረስ ሄዳ አነጋገረች። ቡና ተፈልቶ፣ ሁለተኛው ሲቀዳ ነው ነገሩ የተነሣው። «ሻሿን ሳታወልቅ ከሆነ እኔ ምን ገዶኝ» አሉ እናትየው። «አታወልቅም እማማ፣ ሕጉም አያስወልቃትም» አለች መምህሯ። እውነቷን ነው። ዓለም አቀፉ ሕግ ለስላሳና ከሚለጠጥ ጨርቅ የተሠራ የራስ መሸፈኛን በግልጽ ይፈቅዳል። የሚከለክለው አደጋ የሚያመጣውን ነው፤ መርፌ ቁልፍ፣ የአንገት ሐብል፣ ያልተሸፈነ ጉትቻ። ይህ ለወላጆች ተነገረ፣ በመርፌ ቁልፍ ፋንታ የሚለጠጥ ሻሽ ተሰፋ። ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ በዚህ ምክንያት የቀረች ልጅ አላውቅም።

የመጨረሻው እርምጃ ወረቀት ነው። ለእያንዳንዱ ጨዋታ መመዝገቢያ ቅጽ ተሞላ። የተጫዋቾች ስምና የልደት ዓመት፣ ግብ ያስቆጠረ፣ የ2 ደቂቃ ቅጣት የተቀጣ፣ ቀይ ካርድ ያየ፣ የዳኞች ስምና ፊርማ። ቀደም ሲል «ድጋፍ ይደረግልን» የሚል ደብዳቤ በመዋቅሩ ተልኮ መልስ አላገኘም ነበር። ስድስቱ ሳምንት ሲያልቅ አዲስ ደብዳቤ ተጻፈና የሁሉም ጨዋታዎች ቅጽ ኮፒ አብሮ ተያያዘ።

ውጤቱ

ለዚህኛው ደብዳቤ መልስ መጣ። በቀጣዩ ዓመት ሰዎች ከላይ መጥተው ጨዋታውን አዩ። የመጀመሪያ ደረጃ የዳኝነት ሥልጠና እዚያው ከተማ ተሰጠ፤ በጥቅምት መጨረሻ፣ ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው። የተማሩትን በሁለተኛው ሳምንት ሜዳ ላይ ሠሩበት። የተላኩት ኳሶች ቁጥር 2 ነበሩ፤ ደብዳቤው ላይ ቁጥሩ፣ ዙሪያውና ክብደቱ ተጽፎ ስለነበር።

ለክልል ውድድር የሚሄዱት ልጆችም በዚያ ዓመት ከቮሊቦል አልተለቀሙም። ውጤታቸው ዋንጫ አላመጣም። ግን ሕጉን ያውቁ ነበር፣ ሰብሰብ ብለው ይከላከሉ ነበር፣ በተሸነፉባቸው ጨዋታዎችም የግብ ልዩነቱ ጠበበ። የሴቶቹ ቡድን ከወንዶቹ የተሻለ ተጫወተ።

ያልሠራው

የከተማ ክለብ ለማቋቋም የተደረገው ሙከራ አልሆነም። ኮሚቴ ተመረጠ፣ ማኅተም ተቀረጸ፣ በጀት ግን አልነበረም። ከትምህርት ቤት የጨረሰ ልጅ የሚጫወትበት ቦታ እስካሁን የለውም። ጎበዝ የምትባል ግብ ጠባቂ 12ኛ ክፍልን ስትጨርስ ጨዋታውም አብሮ አለቀባት። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ፖሊስ፣ መከላከያና ማረሚያ ቤቶችን የመሰሉ ተቋማት አገር አቀፍ ክለቦች አሏቸው፤ ግን ከወሎ የወጣች ልጅ እነሱን የምታገኝበት መንገድ መቼና የት ምልመላ እንዳለ የሚያውቅ ሰው በማግኘት ዕድል ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ስደቱም አለ። ወሎን የሚያውቅ ይህን ማብራራት አያስፈልገውም። ከአንዱ ቡድን ተጫዋቾች መሐል በዓመቱ አጋማሽ ወደ ዓረብ አገር የሄዱ አሉ። እጅ ኳስ ይህን ያስቀራል ብዬ አልዋሽም።

ዋንጫውም ጣጣ አመጣ። በመጀመሪያው ዓመት ፍጻሜ አንደኛው ትምህርት ቤት ዕድሜያቸው ያለፈ ልጆች አሰለፈ። ቅጹ ላይ የተጻፈው የልደት ዓመት ከተማሪዎቹ መዝገብ ጋር ሲመሳከር ልዩነቱ ተገኘና ውጤቱ ተሰረዘ። ቂሙ ግን ወራት ቆየ። በሁለተኛው ዓመት ዋንጫው ቀርቶ ለሁሉም ትምህርት ቤት ኳስ ተሰጠ፤ የስም ዝርዝሩም ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ከመዝገብ ቤት ተረጋግጦ ተያዘ። ጭቅጭቁ ቀነሰ፣ አልጠፋም።

ለሌላ ቦታ የሚተርፈው

በሌላ ከተማ ይህን መሞከር የሚፈልግ ሰው ከሜዳና ከማልያ በፊት ዳኞችን ያስብ። ዳኛ ካለ በጨርቅ ኳስም ጨዋታ ይኖራል። ዳኛ ከሌለ ጥሩ ኳስም ጠብ ነው የሚያመጣው። ተማሪ ዳኞች ደግሞ የአካባቢው ልጆች ስለሆኑ እንደ መምህር ቶሎ አይዛወሩም። ሥልጠና ላይ የሚላከውም ከየትምህርት ቤቱ ሁለት ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ አንዱ ቢሄድ አንዱ ይቀራል።

ሜዳው ካልበቃ አትጨነቁ። ለትንንሽ ልጆች የሚመከረው ሚኒ ሃንድቦል 4 ተጫዋችና 1 ግብ ጠባቂ ነው፤ 20 በ13 ሜትር ቦታ ይበቃዋል። የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ይገባል። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመረው የትምህርት ቤት ፕሮግራምም እንዲህ ባለ ትንሽ ጨዋታ ላይ የቆመ ነው።

ለክልልና ለፌዴራል ሰዎች የምለው አንድ ነገር ነው። ሪፖርት ላይ «ስንት ሰው ሠለጠነ» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ሰኔን ይወልዳል፤ ሰው ሰብስቦ፣ አበል ከፍሎ ቁጥሩን መሙላት ይቻላልና። ከጎኑ «ስንት ጨዋታ ተደረገ፣ ማን ዳኘው» የሚል ይጨመርበት። ይህን መሙላት የሚችለው የተጫወተ ከተማ ብቻ ነው። ጠቅላላ ጉባዔው ላይ ክልሎች ሲቀመጡ ከየዞኑ የመጣውን የጨዋታ ቅጽ ይዘው ቢመጡ፣ ኳስና ሥልጠና ወዴት መሄድ እንዳለበት ለመወሰን ሌላ ጥናት አያስፈልግም። ቅጹ አንድ ገጽ ነው፣ ለማባዛት የሚያስፈልገው ፎቶ ኮፒ ብቻ ነው፤ አሞላሉንም የ11ኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ከሰዓት ይማረዋል።